አጅሬ ስንት ዓመቱ ነው?

እትዬ ጥርሴ የሚጠብቁት እንስሳ ቆንጆ አይደለም። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ አስቀያሚ ነው፦ ፀጉር የለሽ፣ የተጨማደደ፣ ጥርሱ ከከንፈሩ ውጪ የበቀለ ፍልፈል። ግን አይጥ በሦስት ዓመቷ ስትሞት እሱ ሠላሳ ዓመት አልፎትም ይሮጣል። በምርምር ተቋሙ ምድር ቤት፣ ሙቀትና እርጥበት ባለው ክፍል፣ ከዘጠና በላይ ሆነው በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ይርመሰመሳሉ። እትዬ ሁሉንም በየጥርሳቸው ቅርጽ ይለያሉ፤ ቅጽል ስማቸውም የመጣው ከዚሁ ነው።

አብልጠው የሚወዱት አጅሬን ነው። ሥራ በጀመሩበት ዓመት ተወልዶ ይኸው ሠላሳ አንድ ሞላው። በመዝገብ ግን ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ጥፋቱ የእትዬ ነው። ከስምንት ዓመት በፊት እንስሳቱ ቆዳ ሥር የቁጥር ቺፕ ሲቀበር የአጅሬንና የአንዱን ጎረምሳ አቀያየሩት። በማግስቱ ቢነቁም የዚያን ጊዜው አለቃቸው ቁጡ ነበሩና ዛሬ ነገ ሲሉ ዓመቱ ነጎደ። ማን ይጠረጥራል? ይሄ ፍጡር እንደሆነ ሲያረጅ አያስታውቅም! እንግዳ በመጣ ቁጥር «የቤቱ ሽማግሌ» እየተባለ ፎቶ የሚነሳው ጎረምሳው ነበር፤ እትዬም ጥግ ቆመው ሳቃቸውን ይውጣሉ።

ጡረታ ሊወጡ ሦስት ሳምንት ሲቀራቸው ምርምሩን የምትመራው ዶክተር ዝርዝር ይዛ ወረደች። የወጣቶቹ ጉበት ሊመረመር ነው፤ ጉበት ደግሞ የሚወሰደው ተገድለው ነው። ሦስተኛው ቁጥር የአጅሬ ነበር። እትዬ ዝርዝሩን ደግመው አዩት። በተቋሙ «ስህተት አያውቃቸውም» የተባሉ ሴት ናቸው። ዝም ቢሉ ስማቸው ይተርፋል፣ አጅሬ ግን አለቀለት።

«ዶክተር፣ ይሄ አይነካም። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ቺፑን ያቀያየርኩት እኔ ነኝ» አሉ።

ዶክተሯ ወንበር ስባ ዘፍ አለች። «እትዬ! የስምንት ዓመት ውጤት ገደል ከተቱት እኮ!»

«ከተትኩት። ምን ልበልሽ፣ ፈርቼ ነው።»

ሁለት ቀን አኮረፈቻቸው። በሦስተኛው ቀን ከአጅሬ ቆዳ ትንሽ ቆንጥራ ወሰደች፤ ዕድሜ ሲገፋ ዲ ኤን ኤ ላይ የሚለዋወጡ ምልክቶች አሉና በእነሱ ዕድሜ ይገመታል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ውጤቱ ሲመጣ ደረጃውን እየሮጠች ወረደች።

«ሠላሳን ያለፈ ነው! ሴሉ ግን የተበጠሰ ዲ ኤን ኤውን እንደ ጎረምሳ ይጠግናል። እንዲህ ያለውን ማን ይገድለዋል?»

እትዬ እንባቸው መጣ። ጡረታውም ተራዘመ፤ ዘጠናውን በዓይን ለይቶ መዝገቡን የሚያስተካክል ሌላ ሰው ከየት ይመጣል?

ዶክተሯ የማረሚያውን ሪፖርት ስትጽፍ «የስህተቱ ምክንያት» የሚለው ላይ ስትደርስ ቆም አለች። «የቺፕ ብልሽት ብዬ ልለፈው፣ እትዬ። ማን ያውቃል?»

«ቺፑ ምን አደረገ? የኔን ስም ጻፊ» አሉ እትዬ፣ አጅሬን መዳፋቸው ላይ እንደያዙ።

ጻፈችው። እትዬም መነጽራቸውን አድርገው ፊደሉ እንዳልተሳሳተ አዩና ፈረሙ።