የእናቴን ምድጃ የበላው ቀለም

እንጅባራ ካለው ቤቴ ጀርባ ወጣቶች የብረት ሥራ ቤት ከፍተዋል። የሞተር ብስክሌትና የባጃጅ ዕቃ ዝገቱን አራግፈው፣ እንደ ዱቄት የደቀቀ ቀለም ነፍተውበት፣ በኤሌክትሪክ ምድጃ ያበስሉታል። የምድጃው በር በተከፈተ ቁጥር የጋለ ቀለም ሽታ አጥሬን ተሻግሮ ይመጣና መስኮቴን እዘጋለሁ። ልጆቹ ጨዋ ናቸው፤ «እማማ፣ ሽታው አስቸገረዎት እንዴ?» እያሉ ይጠይቁኛል፤ እኔም ደረቴን እንደሚያመኝ እነግራቸዋለሁ። ደረቴን አያመኝም። ያ ሽታ ይዞብኝ የሚመጣው ዳንግላን፣ የእናቴን ምድጃና የአባቴን ታላቅ ወንድም ደምሴን ነው። በሕይወት ሳለ «እርስዎ» እለው ነበር፤ አሁን ግን አልልም። ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ መልካም መልካሙ ስለተነገረለት፣ የቀረውን እኔ ብናገረው ነውር አይሆንም።

ልጅ ሳለሁ፣ በሃምሳዎቹ ዓመታት፣ ቤታችን ከዳንግላ ገበያ በላይ ጋሪዎች ከሚቆሙበት ሜዳ ጎን ነበር። ጓሮው ውስጥ ጣሊያን ሠርቶት የሄደ፣ በድንጋይና በሸክላ ጡብ የተገነባ፣ ጀርባው እንደ ኤሊ የጎበጠ የዳቦ ምድጃ ነበረ። እናቴ ትርንጎ ከእንጅባራ ገጠር፣ ከአገው ገበሬዎች የተወለደች ነበረች፤ ስትዳር አባቷ የሰጣትን ላሞች ሸጣ ግቢውን ከነምድጃው ገዛችው። አባቴ ጋሪ ይነዳ ስለነበር ዱቄቱን ከወፍጮ ያመጣላት ነበር፤ የቀረው ሁሉ የእሷ ሥራ ነበር። ጎህ ሲቀድ ባሕር ዛፍ አንድዳ፣ ጡቡ ነጭ እስኪሆን ጠብቃ፣ ፍሙን ጠርጋ፣ ወለሉን በረጠበ ጨርቅ ወልውላ፣ ከዚያ አንድ እፍኝ ዱቄት ወደ ውስጥ ትበትን ነበር። ዱቄቱ ወዲያው ከጠቆረ ትጠብቃለች፤ ቀስ ብሎ ከቀላ ዳቦውን ታስገባለች። ሌላ መለኪያ አልነበራትም፤ አንድም ቀን ግን ዳቦ ስታሳርር አላየኋትም። የከተማው ሻይ ቤቶች ሁሉ የሚወስዱት የእሷን ፉርኖ ዳቦ ነበር፤ የእኔ የትምህርት ቤት ደብተርም ከዚያው ምድጃ ይወጣ ነበር።

ደምሴ የመጣብን በክረምት ነው። አሥመራ ጋራዥ ውስጥ ሠርቶ፣ አንድ ሣጥን መፍቻና ሦስት ጣሳ ቀለም ይዞ፣ ጭቃው እስከ ጉልበቱ ተለጥፎበት በራችን ላይ ቆመ፤ አባቴም የታላቅ ወንድሙን እግር አጥቦ አልጋውን ለቀቀለት። በዚያን ጊዜ በአገሩ ሞተር ብስክሌት የነበራቸው ገጠር ለገጠር የሚዞሩ የመንግሥት ሠራተኞች ብቻ ነበሩ። የአዊ ዝናብና ቀይ ጭቃ ለብረት አይመችም፤ በብሩሽ የተቀባ ፓራፋንጎ፣ ከጎማው በላይ ያለው የጭቃ መከላከያ፣ አንድ ክረምት ሳያልፍ እንደ ሽንኩርት ይላጥ ነበር። ደምሴ በእሳት የሚደርቅ ቀለም አለኝ፣ እንደ መስታወት ይጠነክራል፣ የቸገረኝ ምድጃ ብቻ ነው አለ። ይህን ሲል የሚያየው አባቴን ነበር፤ ምድጃው የእናቴ መሆኑን እያወቀ።

እናቴ አልፈለገችም። አባቴ ግን «ወንድም ጋሼ ካለ ምን ይደረጋል» ብሎ ለመናት፤ እሷም ዳቦው ወጥቶ ካለቀ በኋላ በተረፈው ሙቀት ይሞክር ብላ ፈቀደች። የመጀመሪያው ሥራ የአንድ ሠራተኛ የኋላ ፓራፋንጎ ነበር። ደምሴ በችኮላ ከተተው፤ ሲያወጣው ቀለሙ ፊኛ ፊኛ ሠርቶ እንደተቃጠለ ቆዳ ሆኖ ነበር። ሁለተኛውም እንደዚያው ሆነ። በሦስተኛው እናቴ ሊጥ የነካ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጥታ ፓራፋንጎውን ከእጁ ተቀበለችና በጥፍሯ ጫረችው። ከዚያ አንድ እፍኝ ዱቄት ወደ ምድጃው በተነች። ዱቄቱ ቀላ። ጠበቀች። ደግማ በተነች፤ አሁን ከነጭነቱ ትንሽ ገርጥቶ ብቻ ቀረ።

«አሁን ያስገቡት፣ ወንድም ጋሼ» አለችው። «ዝገቱን ግን በደንብ አራግፈውታል? ከሥሩ የሻገተ ነገር ላዩን ቢያበስሉት አይድንም።»

ደምሴ ሳቀ። የአገው ሴት አሥመራን ልታስተምር ነው ብሎ አባቴን ጠቀሰው፤ አባቴም አብሮ ሳቀ። ሆኖም ደምሴ ዕቃውን መልሶ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገው፣ ስስ አድርጎ ቀባው፣ እሷ ዱቄት በትና ዳግም «አሁን» ስትለው አስገባው። ሲወጣ ጥቁሩ ቀለም ፊት ያሳይ ነበር።

መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ የደምሴ ስም ወጣ። ከአዘናም ከአዲስ ቅዳምም ሠራተኞች የሞተራቸውን ታንከር ፈትተው፣ በጋሪ ጭነው ይመጡ ነበር። ደምሴ ግቢያችን መሐል ቆሞ፣ ያለቀውን ታንከር በቁልፍ እያንኳኳ ያሰማቸው ነበር።

«ስማው እንጂ፣ ደወል እኮ ነው! አሥመራ ብትልከው ወራት ትጠብቃለህ፣ ዋጋው እጥፍ ነው፣ ለጭነት የምትከፍለው ሌላ። እኔ ጋ በግማሽ ነው፤ እሳቱ የቤት ነው።»

እሳቱ የቤት ነው ይል ነበር። እንጨቱን የምትገዛው እናቴ ነበረች፤ ምድጃውን የምታሞቀው እሷ ነበረች፤ ዱቄቱን በትና «አሁን» የምትለውም እሷ ነበረች። ርካሽ ያደረገው እሷ የምትሸከመው ዋጋ ነበር፤ ባለሞተሮቹ ግን እየመረቁት ይሄዱ ነበር። እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ይህን አይ ነበር፤ አባቴ የሠላሳ አምስት ዓመት ሰው ሆኖ አያይም ነበር፣ ወይም ማየት አይፈልግም ነበር።

ጥቅምት ላይ ዳቦው ቀለም ቀለም መሽተት ጀመረ። መጀመሪያ እናቴ ብቻ ነበረች ያወቀችው። ቀለም በተጋገረበት ማግስት ምድጃውን ባዶውን አንድዳ፣ እርጥብ ቅጠል አጭሳበት፣ ወለሉን በአመድ ፈግፍጋ ነበር የምትጋግረው፤ ስለዚህ እንጨቱ እጥፍ ሆነ፣ እንቅልፏም አነሰ። በመጨረሻ ደምሴን አስቀምጣ ቁርጡን ነገረችው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብቻ፣ ሌላ ቀን የለም አለችው። በበዓል ቀን ደግሞ ጨርሶ እሳት እንዳይነካ አስጠነቀቀችው፤ ምክንያቱም ባለሞተሮቹ መሥሪያ ቤት የሚዘጋበትን ቀን ስለሚመርጡ፣ እሱም ዓይኑን የጣለው በዓላት ላይ ነበር። እናቴ በማርያም ቀን ሊጥ እንኳን አትነካም ነበር። ደምሴ ራሱን ነቀነቀ። እሱ ራሱ የማርያም ማኅበር መሪ፣ ሙሴ፣ ሆኖ ተመርጦ፣ ማኅበርተኛውን እየሰበሰበ ስለ በዓል አከባበር ይመክር ነበርና፣ ይህን ለእኔ ትነግሪኛለሽ ወይ አላት።

ኅዳር ጽዮን ደረሰች። ማለዳ ነጭ ለብሰን ከእናቴና ከአባቴ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ደምሴ ወገቤን አመመኝ ብሎ ቀረ። ቅዳሴው አልቆ ስንመለስ ጎረቤታችን እትዬ የሺ አብራን ነበረች፤ የሺ አፏ የማያርፍ፣ ግን ክፉ የማትባል ሴት ነበረች፤ እኔ ክፉ እላታለሁ። የጋሪዎቹ ሜዳ ላይ ስንደርስ በቤታችን ጀርባ ጥቁር ጭስ ቀጥ ብሎ ሲወጣ አየን። የሺ ነጠላዋን ሰብስባ ቆመች።

«ትርንጎ፣ የቅዳሴው ዕጣን ሳይበርድ ያንቺ ጭስ ተነሣ? ጽዮንን ዳቦ ልታበያት ነው?»

እናቴ ሮጠች። የሺም ሮጠች፤ ከበዓሉ የሚመለሰውም ሰው ተከተለን። ጓሮ ስንደርስ ደምሴ እጅጌውን ጠቅልሎ፣ ፊቱ ላብ በላብ ሆኖ ምድጃው ፊት ቆሟል፤ ያሠራው ሰው ዕቃውን ትቶለት ሄዶ ስለነበር ሌላ ሰው አልነበረም። እኔ ከእናቴ ቀሚስ ሥር ሆኜ በምድጃው አፍ አየሁ፤ ሁለት ፓራፋንጎና አንድ ታንከር በፍሙ ጎን ተደርድረዋል። ደምሴ ሰዉን አየ፤ ከሰዉ መሐል የማኅበሩን ሰዎች አየ። የምድጃውን ክዳን ብድግ አድርጎ አፉን ዘጋው።

«እኔም ልጠይቃት ነበር» አለ። «ለነገ ዳቦ ብላ ለኩሳው ሄደች። እሳቱ ቤት እንዳያቃጥል ነው የቆምኩት።»

ያን ያህል ቀላል ነበር። እናቴ መጀመሪያ ነገሩ አልገባትም፤ ከገባት በኋላ ወደ ደምሴ አልዞረችም፣ ወደ አባቴ ዞረች። ማታ ምድጃው ቀዝቃዛ እንደነበረ አባቴ ያውቃል፤ ጠዋት አብረን እንደወጣን ያውቃል።

«አንተ ንገራቸው» አለችው።

አባቴ ወንድሙን አየ፣ መሬቱን አየ። «ተይው በቃ፣ በበዓል ቀን ጭቅጭቅ አይበጅም» አለ።

እኔ ክዳኑን ልከፍት ሄድኩ። ደምሴ ክንዴን ይዞ፣ ሰው እንደ ርኅራኄ በሚያየው አኳኋን «ትቃጠያለሽ የኔ ልጅ» አለኝና ጣቱን ሥጋዬ ውስጥ ተከለው። ቀለሙ ይሸት ነበር፤ ያ ሁሉ ሰው አፍንጫ ነበረው፤ አንድም ሰው ግን ዳቦ እንዲህ ይሸታል ወይ ብሎ አልጠየቀም። ከባላገር የመጣች የአገው ሴት በዓል ሻረች ማለት፣ የማኅበሩ ሙሴ በዓል ሻረ ከማለት ይቀላቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ የነበረው በጋ ረጅም ነበር። ሻይ ቤቶቹ አንድ በአንድ ተዉን። ጥቂት የቀለም ሽታ የቀረበትን ዳቦ የሺ ሰውን እያስሸተተች፣ ጽዮን የተቀየመችበት ዳቦ ይኸውና ትል ነበር። የነፍስ አባታችን መጥተው፣ ነገሩ እንዲያልፍ ንስሐ ግቢ፣ ጥቂት ስግደት ነው፣ ሰዉም ይመለስልሻል ብለው መከሯት። ቅን ሰው ነበሩ፤ መውጫ መንገድ ነበር ያበጁላት። እናቴ መስቀላቸውን ተሳልማ፣ ቀና ብላ መለሰችላቸው።

«አባቴ፣ ያልሠራሁትን ሠራሁ ብዬ ብናዘዝ፣ ያን ጊዜ ነው ኃጢአት የምሠራው።»

ንስሐ አልገባችም። ዐቢይ ጾም ሲገባ፣ ሰው ዳቦ በሚፈልግበት በዚያ ወቅት፣ ሊጥ ማቡካት አቆመች። ምድጃው በሳምንት ሰባቱንም ቀን የደምሴ ሆነ። እናቴ ከዘመዶቿ ድንች እያመጣች በአዲስ ቅዳም ገበያ መሸጥ ጀመረች፤ እኔም ከአራተኛ ክፍል ወጥቼ ጆንያ ተሸክሜ እከተላት ነበር። በመንገድ ላይ ብቻዋን በአገውኛ ታወራ ነበር፤ ስጠጋት ዝም ትላለች።

ክረምቱ ሲመለስ የደምሴ ሥራ መላጥ ጀመረ። ሥራው ስለበዛበት ዝገቱን በወጉ አያራግፍም፣ ቀለሙን በአንዴ ያወፍራል፣ ሙቀቱንም በግምት ነበር የሚለካው። ደወል የተባለው ታንከር ከሁለት ዝናብ በኋላ አብጦ፣ ሲነኩት እንደ ቅርፊት ይነሣ ነበር። ባለሞተሮቹ እየተመለሱ ግቢያችን ውስጥ ይጮኹ ጀመር። አንድ ቀን አባቴ አንገቱን ደፍቶ፣ አንድ ጊዜ ብቻ መጥተሽ ዱቄት በትኚለት ብሎ እናቴን ለመናት። እንቢ ትላለች ብዬ ነበር። ግን ተነሣች፤ ዱቄቱን በእፍኟ ይዛ ምድጃው አፍ ላይ ቆመች።

«እትዬ የሺን ጥሯት» አለች። «ኅዳር ጽዮን ማን እንደለኮሰው እሷ ፊት ይናገሩ፣ ወንድም ጋሼ። ከዚያ ዕድሜ ልኬን እበትንልዎታለሁ።»

ደምሴ ሊስቅ ሞክሮ ነበር፤ «ለአንድ እፍኝ ዱቄት ይህ ሁሉ?» አለ።

እናቴ ዱቄቱን ወደ ዕቃው መልሳ፣ መዳፏን በመዳፏ አራግፋ ሄደች። እሱ በንዴት እንጨቱን ደራርቦ አነደደ፤ በዚያው ሳምንት የምድጃው ጀርባ ከአናቱ እስከ ወለሉ ተሰነጠቀ፤ ዝናቡም ገባበትና ከጥቂት ቀን በኋላ ጡቡ ወደ ውስጥ ወረደ። ደምሴ መፍቻውን ሰብስቦ ባሕር ዳር ሄደ። እውነቱን ለማንም አልተናገረም፤ እኛም ሌላ ምድጃ አልሠራንም።

ብዙ ዘመን ኖሮ፣ ተከብሮ ሞተ። ቀብሩ ላይ ለዳንግላ የጋለ ቀለም ጥበብ ያመጣ ሰው ተባለ፤ እኔ ሴቶቹ መሐል ተቀምጬ ነበር፣ አላለቀስኩም። አባቴን ግን ቀብሬ አልቅሼለታለሁ፤ ያለቀስኩት ይቅር ብዬው እንዳይመስላችሁ።

ዛሬ የማኅበር ተራዬ ሲደርስ ዳቦ ከሱቅ አስገዛለሁ። በላስቲክ ተጠቅልሎ ይመጣል፤ በበዓል ቀን ይጋገር፣ በሥራ ቀን ይጋገር፣ ማንም አያውቅም፣ ማንም አይጠይቅም። ያን ጊዜ አንዲት ሴት የጋገረችው ዳቦ ስሟን ተሸክሞ ነበር ከተማውን የሚዞረው፤ ስሟ ሲወድቅ ዳቦውም ይወድቃል። አንዳንዴ ለእናቴ የዛሬው ይሻላት ነበር እላለሁ፤ እሳቱን ማን ለኮሰው የሚል ሰው በሌለበት አገር ጋግራ በሰላም ትኖር ነበር። ቆይቼ ግን ይህም ስሕተት እንደሆነ ይገባኛል። እናቴ የፈለገችው ሳይጠይቋት እንዲተዉአት አልነበረም። ጠይቀዋት እንዲያምኗት ነበር።