ደረቅ ኾር ላይ የተጠቀለለ ሱሪ

ጋሼ የምላቸው አጎቴ ከሞቱ ወር አለፋቸው፤ እኔ ግን አንድ ነገር እስካሁን አልገባኝም። እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ፣ የእኛን ሰፈር ከገበያው ሰፈር የምትለይ ትንሽ ወንዝ አለች፤ ኾር እንላታለን። ከክረምት በቀር ፌስታልና አቧራ እንጂ ውሃ የላትም። ጋሼ ግን በዚያ አቧራ ሲሻገሩ ጫማቸውን አውልቀው፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ይጠቀልሉ ነበር። እኔንም ያስጠቀልሉኛል። ሰው ሲያየን አፍሬ፣ "ኧረ ጋሼ፣ ውሃ የለም እኮ!" ስላቸው፣

"አንተ ዝም ብለህ ጠቅልል። ወንዝ ሄደ እንጂ አልሞተም" ይሉኝ ነበር።

ለሱዳናዊው ጎረቤታችን ለሃጂ ደግሞ "እግሬን በፀሐይ ላሙቀው ብዬ ነው" ብለዋቸዋል። ለሚስታቸው "ሱሪዬ እንዳይቆሽሽ" ነው ያሉት። የቱ ነው እውነቱ? ማንን ልጠይቅ?

የቀብራቸው ዕለት አስከሬናቸውን ተሸክመን ኾሩ አፋፍ ስንደርስ፣ ሃጂ ድንገት ቆሙ። ጀለቢያቸውን ወደ ላይ ሰብስበው፣ "ወላሂ፣ እንዲሁ ብንሻገር ወዳጄ ይቀየመናል" አሉ። ኾሩ ክው ብሎ ደርቋል። እኛም አስከሬኑን እየተቀባበልን ተራ በተራ ሱሪያችንን ጠቀለልን። ልሳቅ ላልቅስ አላወቅሁም።

ትናንት ዘነበና ኾሩ ውሃ ያዘ። ረስቼ ይሁን አውቄ እንጃ፣ ሱሪዬን ሳልጠቀልል ገባሁ። መሃል ላይ ቆሜ፣ ጋሼ ከአፋፉ እስኪቆጡኝ ጠበቅሁ። እስከ ጉልበቴ ረጠብኩ እንጂ የተቆጣኝ የለም።