የእድራችን ድንኳን

ካዛንቺስ ወንዙ ዳር በተሠራው መናፈሻ ዛሬ ባዛር ነበር። ዝናብ ያረጠበው የድንኳን ሸራ ሲሸተኝ እግሬ ተያዘ። የእድራችን ድንኳን ልክ እንዲህ ነበር የሚሸተው።

ያኔ ተማሪ ነበርኩ። ወንዙ ሊለማ ነው ተብሎ እንግዶች ሲመጡ፣ ለለቅሶ የምንተክለውን ድንኳን በገዛ እጃችን ተከልንላቸው። እናቶች ዳቦ ደፍተው እልል አሉ። እንግዶቹ "ማንም ከሰፈሩ አይነቀልም" ሲሉን አጨበጨብን። ከዚያ የመናፈሻውን ሥዕል ዘረጉ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ተካ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ።

"የኛ ቤቶች የት ጋ ናቸው ልጄ?"

"አባቴ፣ ይሄ እኮ ለማሳያ ብቻ ነው" አለ አንደኛው እንግዳ፣ ሥዕሉን እየጠቀለለ።

እንግዶቹ እንደሄዱ ጎረምሶቹ ካስማውን ሊነቅሉ ተነሡ። ጋሽ ተካ ከተቀመጡበት አልተንቀሳቀሱም።

"ተዉት። እስከ ሰልስት ይቆይ።"

የሞተ ሰው ሳይኖር ምን ሰልስት አለ? ቀልድ መስሎን ሳቅን። እሳቸው ግን አልሳቁም።

"እህት፣ ሣሩን አትርገጪ እንጂ!" አለኝ የመናፈሻው ጥበቃ።

የቆምኩት የእናቴ ጓዳ ላይ ነበር።