በያጁ ዝም ያለ ሰሞን

ይህን ሰውዬ ሰፈሩ የሚያውቀው በጉሮሮው ነው። በያጅ ነው፤ የበርና የመስኮት ፍሬም ይሠራል። ብየዳ ቤት ውስጥ የብረት መቁረጫው ሲያፏጭ አጠገብህ ያለውን ሰው ለማናገር መጮህ ግድ ነው፤ የሱ ጉድ ግን መቁረጫው ከጠፋም በኋላ መጮሁ ነው። ደህና አደራችሁ ሲል እንኳ የጎረቤት ሕፃን ብንን ይላል። ጡሩምባ ብለው ቅጽል ስም አወጡለት፤ እሱም ይስቃል እንጂ አይቀየምም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ታዲያ አሰልጣኝ ነው። የሰፈሩን ታዳጊ ሴቶች ሰብስቦ ኳስ ያጫውታል፤ በሳምንቱ መሐልም ከሥራ መልስ ያለማምዳቸዋል። የጎሉን ቋሚዎች ከአሮጌ የውሃ ቧንቧ ራሱ በይዷቸዋል፣ መረቡንም ራሱ ቋጥሮታል። ልጆቹን ይወዳቸዋል፤ ሐሰት አይነገርም። ፍቅሩ ግን በጩኸት ነው የሚወጣው። አቀብይ፣ ዙሪ፣ ምቺ፣ ኧረ በግራ አንቺ ድንዙዝ! አንዲት ልጅ ኳስ ነክታ እሱ ዝም ያለበት ጊዜ የለም። ዝም ብል ሜዳ ላይ ይጠፉብኛል ብሎ ያምናል። ሲያሸንፉም "ዛሬ ጉሮሮዬ አሸነፈ" ይላል።

ከሁሉም አብልጦ የሚጮኸው በታላቅ እህቱ ልጅ ላይ ነው። ቀጭንና ረጅም ስለሆነች ሸምበቆ ይሏታል። ኳስ እግሯ ላይ ካረፈች መልቀቂያ የላትም። በያጁ ደግሞ ለዘመዱ አዳላ እንዳይባል ለሷ እጥፍ አድርጎ ይጮኻል። እሷም ትታዘዛለች፤ ቃል አይወጣትም። ጨዋ ልጅ ናት እያለ ይኮራባታል።

አንድ ቀን ጠዋት ተነሥቶ ሚስቱን ውሃ ሊጠይቅ አፉን ቢከፍት፣ እንደ ዛገ ማጠፊያ ሲጥ የሚል ነገር ወጣ። ሐኪሟ ጉሮሮውን አይታ፣ ድምፅ የሚያወጣው ሥጋ ከጩኸት ብዛት አብጧል፤ እስክነግርዎ አንድ ቃል እንዳይናገሩ፣ በሹክሹክታም ቢሆን፤ አለዚያ ድምፅዎ ላይመለስ ይችላል አለችው። ሰውዬው ክው አለ። የብየዳ ቤቱ ባልደረቦች ግን ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፣ እንኳን ደስ ያለህ ብለው ተሳሳቁበት።

ቅዳሜ ደረሰና ከጎረቤት ሰፈር ቡድን ጋር ግጥሚያ ሆነ። በያጁ አንገቱን በሻርፕ ጠቅልሎ ሜዳው ዳር ቆመ። ጨዋታው ብዙም ሳይቆይ ሸምበቆ አንዷን አለፈች፣ ሁለተኛዋን አለፈች፣ በረኛዋ ልትደርስባት ስትወረወር አዳልጧት ወደቀች። ጎሉ ባዶውን ቀረ። መምታት ብቻ ነበር የቀራት። ሸምበቆ ግን ቆመች። ኳሷን እግሯ ሥር አድርጋ ዞር ብላ አጎቷን አየችው። ምን ላድርግ የሚል ዓይን ነው። እሱ አፉን ከፈተ፤ ምንም አልወጣም። ከኋላ የመጣች ተከላካይ ኳሷን ነጥቃ ሄደች።

ቀልቡ ተገፈፈ። ሌሎቹንም ቢያይ ያው ናቸው፤ ኳስ የደረሳት ሁሉ አንዴ እግሯን አንዴ እሱን ታያለች። ለካ ኳስ አላስተማራቸውም፤ እሱን መጠበቅ ነው ያስተማራቸው። በሰፊ ልዩነት ተሸነፉ፤ እሱ ግን ጎሉን ከነጭራሹ አልቆጠረውም። ያቺ ልጅ ባዶ ጎል ፊት ቆማ ያየችበት ዓይን ነው ይዞት የሄደው።

በማግስቱ እህቱ ቤት ሄደ። በምልክት፣ ልጅቷ ምን ሆና ነው፣ አሟት ነው ወይ ሊል ሞከረ። እህቱ ልብስ እያጣጠፈች ነበር፤ ልብሱን አስቀመጠችና በሩን ዘጋች።

"ዛሬ እንኳን አፍህ ተይዞልኛል፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን አታስጨርሰኝም ነበር" አለችው። "ልጄ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ጠዋት ታስመልሳለች። ተኝታም 'ጋሼ ምን ላድርግ' እያለች ትቃዣለች። ለሱ እንዳትነግሪብኝ ብላ አስምላኛለች። ኳስ እወዳለሁ ግን አልችልም፣ ድንዙዝ ነኝ ትላለች። ድንዙዝ የሚለውን ከማን እንደሰማችው አንተ ታውቃለህ። መጪው ቅዳሜ የመጨረሻዋ ነው፤ ታቆማለች።"

በያጁ ወንበሩ ላይ ደርቆ ቀረ። ይቺ ጨዋ፣ ይቺ ታዛዥ የሚላት ልጅ እሱን ፈርታ ነው ለካ! ይቅርታ ልበል ቢል አፍ የለውም፤ ውሸት ነው ልበል ቢልም አፍ የለውም። ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ሲነገረው ቁጭ ብሎ ሰምቶ አያውቅም። እንባው መጣ። እህቱም አይታ እንዳላየች ልብሷን ማጣጠፍ ቀጠለች።

በዚያ ሳምንት ልምምድ ላይ ኳሷን መሐል ሜዳ ወረወረላቸውና ባዶ የቀለም ቆርቆሮ ገልብጦ ተቀመጠበት። ምን እንሥራ ብለው ከበቡት። ወደ እነሱ ጠቆመ፤ እናንተ እወቁ ማለቱ ነው። የመጀመሪያው ቀን ጭቅጭቅ ሆነ፣ አንዷም አኮረፈች። በሌላው ቀን ግን አፏ ተሰፍቷል የምትባለው በረኛቸው "ወደ ኋላ! ኧረ ጀርባሽን!" ብላ ስትጮህ ሁሉም ደንግጠው ዞሩ፤ እሱማ ከቆርቆሮው ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ሸምበቆን ምቷ ወደ ላይ እየወጣ ሲያስቸግራት በያጁ ተነሥቶ ሄዶ መሬት ላይ ተንበረከከ። የቆመችበትን እግር በእጁ ይዞ ከኳሷ ጎን አስጠጋላት፣ ደረቷንም ወደፊት እንድታዘነብል በራሱ አሳያት። ስትመታ ኳሷ ዝቅ ብላ ሄደች። ልጅቷ ኳሷን ሳይሆን እሱን በመገረም አየችው።

ዓርብ ዕለት ብየዳ ቤት ውስጥ ከጠረጴዛው ላይ ከባድ ብረት ተንሸራተተ፤ ከሥሩ ባልደረባው ቆሟል። "እግርህን!" ብሎ ጮኸ። ሰውዬው ዘሎ ተረፈ። ጡሩምባ ተመለሰ ብለው አጨበጨቡ። ሐኪሟም አይታ ድነዋል፣ ግን ቀስ ብለው ይናገሩ አለችው። ደስ ይለዋል ብላ ስትጠብቅ እሱን ፍርሃት ያዘው። ያን ድምፅ ሜዳ ይዞት ሊሄድ ነው፤ ጉሮሮውን እንደ ክፉ ውሻ ፈራው።

ቅዳሜ ያንኑ ሻርፕ ጠቅልሎ ወደ ግጥሚያው ሄደ። እህቱም መጥታ አጠገቡ ቆመች። ከእረፍት በኋላ ሸምበቆ ኳስ ይዛ ከበረኛዋ ጋር ፊት ለፊት ተገናኘች። በያጁ "ምቺ" የሚለው ቃል ጥርሱ ጋ ደርሶበት ሻርፑን ነከሰ። ልጅቷ አልዞረችም። መታች። ኳሷ ቋሚውን ገጭታ ተመለሰች፤ ሳተች። እሱ ልጄ አለቀላት ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። የሰማው ግን ሳቅ ነው። ሸምበቆ እየሳቀች፣ እጇን አንስታ "ድገሚኝ! እዚሁ ስጪኝ!" ብላ ጓደኛዋ ላይ ትጮኻለች። ዓይኑን ገልጦ አፉን ይዞ ቀረ። ይህን ያህል ጊዜ ሲያሰለጥናት የሜዳ ድምፅዋን ሰምቶት አያውቅም።

ጨዋታው እኩል ለእኩል አለቀ። ሸምበቆ ላቧን እየጠረገች መጣችና አንገቱ ላይ ያለውን ሻርፕ አየች።

"ጋሼ፣ ድምፅህ ተመለሰ እንዴ?"

ፊቷ ላይ ያለውን ሲያይ ደነገጠ። እንዳይመለስ ነው የምትመኘው፤ ለሰው ክፉ የማታስብ ልጅ። ራሱን በአሉታ ነቀነቀ።

"እሺ፣ እንግዲያው የሚቀጥለው ቅዳሜም እመጣለሁ" አለችና ወደ ጓደኞቿ ሮጠች።

እህቱ መዳኑን ከሚስቱ ሰምታለች። ቀና ብላ አየችው።

"ሰማህ?"

"ሰማሁ" አላት፤ ከሷ በቀር ማንም አልሰማውም።