ሁለተኛው ዓይን

በሩ ሲከፈት የሽንትና የረጠበ ጭድ ሽታ ተቀበለኝ። ወዲያው በጠመንጃ ሰደፍ ወገቤን መቱኝና በግንባሬ ተደፋሁ። የአሰላ እስር ቤት የገባሁት እንዲህ ነው።

ወንጀሌ ሥዕል ነው። በዚያ ዓመት በረዶ ወርዶ የደረሰውን ገብስ ከጭቃ ጋር ደባለቀው። ቄሱ "ሕዝቡ ተስፋ ቆርጧል፤ የሚያጽናና ነገር ሣልበት" ብለው የሰንበቴ ቤቱን ግድግዳ ሰጡኝ። እህል የሞላው አውድማ ሣልኩ። ጥግ ላይ ግብር የሚሰበስብብንን ምስለኔ ጨመርኩ፤ ቦታ ስላነሰኝ ፊቱን በጎን አዞርኩት። በእኛ ሙያ ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ኃጥእ በአንድ ዓይን ይሣላል። ሲይዙኝ ተሳስቼ ነው ብዬ ማልኩ። መሐላዬን እኔም የማምነው በግማሽ ነበር።

"ነገ ጠዋት ሁለተኛ ዓይን ትጨምርለትና ቤትህ ትገባለህ" አለኝ የዘበኞቹ አለቃ።

"እሺ ጌታዬ" አልኩ። ዱላ እፈራለሁ።

ከቀትር በኋላ አንድ የአርሲ ሽማግሌ ገባር ጎትተው ወረወሩብኝ። ውስጥ እግራቸው ተተልትሏል።

"ምን አደረጉ አባቴ?"

"ገርቡ፣ ገብስ፣ የለም አልኩት ምስለኔውን። ገብሱን በረዶ በላው አልኩት። ደብቀሃል አለኝ። አንተስ?"

"ገብስ ሣልኩ።"

ሳቁ፤ በጥርሳቸው መሀል ደም ወጣ። "እንግዲያ እዚህም ሣልልኝ፣ ልጄ። በረዶ ሳይመታው እንደነበረው።"

ከአመድ ውስጥ የከሰል ስባሪ አገኘሁና ግድግዳው ላይ ጀመርኩ።

"አይደለም" አሉኝ። "ፍሬ የያዘ ዛላ ቀጥ ብሎ አይቆምም። አጎንብሰው።"

አጎነበስኩት። መሀሉ ላይ እሳቸውን ሣልኳቸው፣ በሁለት ዓይን። ብዙ አዩት።

ሳይመሽ ዘበኞቹ መጥተው ሽማግሌውን ወሰዷቸው። አለንጋውን ቆጠርኩ፤ ሠላሳ ላይ ጩኸታቸው ቆመ፤ አለንጋው ግን አልቆመም። አልተመለሱም።

ጠዋት አለቃው ብሩሼን ይዞ መጣ። "ተነስ፣ ዓይኑን ጨምር።"

"አልጨምርም።"

"ትናንት እሺ አላልክም?"

"ትናንት ተሳስቼ ነው።"

ቀኝ እጄን የበሩ ደፍ ላይ አስረግጦ በሰደፍ ወረደበት። የሦስት ጣቶቼ አጥንት ሲሰበር ሰማሁ። እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ብሩሹን ግን አላነሳሁም።

ዛሬ በግራ እጄ ነው የምሥለው። በረዶ በጣለ ቁጥር ሰዎች ይመጣሉ፤ ገብስ ሣልልን ይሉኛል። ዛላውን አጎንብሼ እሥልላቸዋለሁ። ካረጀሁ ወዲህ፣ ይቅር ለማለት ብዬ፣ ለምስለኔው ሁለተኛ ዓይን ልጨምርለት ደጋግሜ ሞክሬያለሁ። ግራ እጄም እምቢ አለኝ።