አስካል ወንፈሏን ልትመልስ የሄደች ቀን

ባለፈው ሳምንት ደብረ ታቦር፣ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ስልጠና ላይ ነበርኩ። ስብሰባ ላይ መተኛት ቢያሸልም ኖሮ ቤቴ የዋንጫ ማስቀመጫ ባጣ ነበር። ወጣቱ አሰልጣኝ «እናቶች ወደ ወሊድ ማቆያው የማይመጡት ምን ስለሚያስከፍላቸው ነው?» ሲል ግን ነቃሁ። በሃያዎቹ ዕድሜዬ እኔም ይህንኑ ጠይቄ ነበር።

ኢኮኖሚክስ ተመርቄ ጉና ሥር ያለ ጤና ጣቢያ ተመደብኩ። ደም ሳይ ስለሚያዞረኝ ወረቀቱን ለኔ ተዉልኝ። ግቢው ውስጥ መውለጃቸው የደረሰ ሴቶች የሚቆዩባት ጎጆ ነበረች። አልጋው አለ፣ ገንፎው አለ፣ ሰው የለም። ሴቶቹ ቤታቸው ሲያምጡ ቆይተው ነገሩ ሲከፋ በቃሬዛ ይመጣሉ፤ አንዳንዷም መንገድ ላይ ትቀራለች።

የመጨረሻ ልጇን ስትወልድ ከሞት ለጥቂት የተረፈችውን፣ አሁንም ነፍሰ ጡር የሆነችውን እትዬ አስካልን ቤቷ ድረስ ሄጄ ለመንኳት።

«እሺ ልምጣ። ላሜን አንተ ታልብልኛለህ?»

«ላሚቱ ከፈቀደች።»

«እንኳን ላም ድመትም አትፈቅድልህ» ብላ ሳቀችብኝ።

ያኔ ገባኝ፤ ገንፎ ብንጨምር ለውጥ የለውም፣ ችግሩ ያለው ቤቷ ነው። እነዚህ ሴቶች አረሙንም አጨዳውንም ተራ በተራ በወንፈል ይሠሩታል፤ ታዲያ የነፍሰ ጡሯን ቤት መያዙንስ ለምን በወንፈል አያደርጉትም አልኩ። ተስማሙ። የአስካልን ቤት ጎረቤቷ ውዴ ያዘች። የማቆያዋ ጎጆ ሞላች፤ እኔም መርፌ እንኳ ሳልጨብጥ ሐኪም የሆንኩ መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ።

ነሐሴ ላይ፣ ጭጋጉ መሬት በያዘበት ጠዋት፣ የአስካል አልጋ ባዶ ሆኖ ተገኘ። «የውዴ ድንች የሚኮተኮተው ዛሬ ነው። ወንፈሏን ልትመልስ ሄደች» አሉኝ ሴቶቹ። ለኔ ወንፈል ያለ ክፍያ የሚገኝ ጉልበት ነበር። ለእሷ ግን የተቀበሉትን መመለስ ነው።

ከጤና ጣቢያው አዋላጅ ጋር ጭቃውን እየረገጥን የውዴ ማሳ ስንደርስ ኮትኳቾቹ ሴቶች አስካልን ከበዋታል። ነጠላዋ በደም ርሷል።

«ማን ጠራሽ? እኔ ጠራሁሽ ወይ?» ትላለች ውዴ።

«ቤቴን ይዘሽ ከርመሽ... ማሳሽን አረም ሲበላው ተኝቼ ልይ?» አለች አስካል።

በቃሬዛ ተሸክመናት ወደ ጤና ጣቢያው ስንወርድ ወንዙ ሞልቶ ጠበቀን። አዋላጇ ዝናቡ ውስጥ ተንበርክካ የቻለችውን ሁሉ አደረገች። ሕፃኑ ተረፈ። እናቱን ግን ፊቷን ሸፍነን ወደመጣንበት ተሸክመን ተመለስን።

በጥቅምት ውዴ ድንቿን ስትቆፍር አስካል የኮተኮተችውን ትልም አልነካችም። እዚያው በሰበሰ።

አዳራሹ ውስጥ እጄን ሳወጣ ባልደረቦቼ ቀልድ ጠብቀው ፈገግ አሉ። አስካልን ወደ ማቆያው ያመጣትም ከማቆያው ያስወጣትም ያው ወንፈሉ ነው ልል ነበር። ስሟን ብቻ ጠርቼ የሰጡኝን ማይክ ከአፌ አራቅኩት። አሰልጣኙ ማይኩ የተበላሸ መስሎት ሌላ አመጣልኝ።