አማቴ ሊኑክስ ሲሞክሩ

ከአማቴ ጋር አንድ ቤት መኖር ከጀመርን ወዲህ ያረጋገጥኩት አንድ ነገር አለ፤ ጣታቸው ሥራ ሲፈታ ወጥ ቤቴ ይገባሉ።

ክፋት የለባቸውም። የሚገቡትም "ላግዝሽ" ብለው ነው። ግን ሽንኩርት ስከትፍ ከኋላዬ ቆመው ዝም ይላሉ፣ ዝምታው ራሱ ነገር ነው።

"እንዲህ ነው እንዴ የምትከትፊው?" ይላሉ ቆየት ብለው።

"እንዴት ልክተፈው እማዬ?"

"አይ፣ እንደ ልማድሽ። እኔ ምን አውቄ።"

ይህን ብለው ቢላውን ከእጄ ይወስዱታል። በማግስቱ የጨው ዕቃው ቦታውን ይለቃል፣ የድስቶቹ ክዳን ሌላ መደርደሪያ ላይ ይገኛል፣ እኔም በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆኜ "ማንኪያ የት ነው?" እያልኩ እጠይቃለሁ። ስለዚህ ለሳቸው ሥራ የምጨነቀው ለሳቸው ብዬ ብቻ ነው ብል ውሸት ይሆንብኛል።

አማቴ ዕድሜያቸውን በሙሉ ታይፒስት ነበሩ። የሠሩት አንድ መሥሪያ ቤት፣ የተቀመጡት አንድ ክፍል ውስጥ ነው። የጽሕፈት መኪና በነበረበት ዘመን ገቡ። ኮምፒውተር መጣ ተብሎ ጓደኞቻቸው ሲንቀጠቀጡ እሳቸው ወንበራቸውን ጠጋ አድርገው ቀጠሉ። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች "መትረየስ" ይሏቸው ነበር። ሲመቱ ዓይናቸው ወረቀቱ ላይ ነው እንጂ ቁልፉን አያዩም፣ ማያውን አያዩም። ከጎናቸው ከተቀመጠችው ጸሐፊ ጋር እየተጨቃጨቁ ሙሉ ገጽ ይጨርሳሉ፣ ጭቅጭቁ ውስጥ ከተባለው አንድም ቃል ገጹ ላይ አይገባም። እረፍት የወጡ ቀን አለቃው "ዛሬ ቤቱ ምን ሆኖ ነው ጭር ያለው?" ብሎ ከቢሮው ይወጣ ነበር አሉ።

ጡረታ ሲወጡ እኛ ጋ መጡ። ባለቤቴ የረጅም መንገድ ሹፌር ስለሆነ ቤቱ የሴቶች ቤት ነው ማለት ይቻላል፤ አማቴ፣ እኔና ገና አፏን የምትፈታው ልጄ። የፊት ክፍሉ መስኮት ሥር ትንሽ ጠረጴዛ አስቀመጥንላቸው። እኔ ደግሞ ያገለገለ ላፕቶፕ ፈልጌ አገኘሁ። አንድ ቢሮ ያረጁ ዕቃዎቹን ሲያስወግድ የተሸጠ ነው፣ ፊደሎቹ ከቁልፎቹ ላይ ተፍቀው አልቀዋል። ሌላ ሰው ቢሆን ይመልሰው ነበር። እሳቸው "እኔ ድሮስ መች አየዋለሁ" ብለው ተቀመጡ። የሰፈሩ ሰው ማመልከቻም፣ የተማሪው ጥናታዊ ጽሑፍም ወደዚያ መስኮት መምጣት ጀመረ። ልጄ ከ"እማ" ቀጥሎ የተናገረችው ቃል "ታ ታ ታ" ነው። የአያቷ ስም ማለቷ ነበር።

ከዚያ ላፕቶፑ ደከመ። ጠዋት ይከፍቱታል፣ ቁርስ ይበላል፣ ሳህን ይታጠባል፣ እሱ ገና እያዛጋ ነው።

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እማዬ፣ ይታገሡት" አልኳቸው አንድ ቀን።

"እንቁላሉማ ሄዶ ተመልሷል። ይኼ ነው ገና ያልተነሣው።"

ይባስ ብሎ በዚያው ሰሞን ትልቅ ሥራ መጣ። ሰፈራችን ውስጥ የሚኖር አንድ ጡረታ የወጣ የእግር ኳስ ዳኛ አለ፣ ሰው ሁሉ "ፊሽካ" ይለዋል። የሕይወት ታሪኩን በእጁ ጽፎ፣ ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልሎ ይዞ መጣ። አማቴ ገለጥ ገለጥ አድርገው አዩት፣ ዓይናቸው በራ። ላፕቶፑን ለመክፈት ሞከሩ። ጠበቁ። ፊሽካ ከሄደ በኋላም ጠበቁ። በመጨረሻ ክዳኑን ዘግተው በነጭ ጨርቅ ሸፈኑት። ድሮ የጽሕፈት መኪናቸውን እንደሚሸፍኑት፣ ጠርዙን አስተካክለው።

"ለሰውዬው አይሆንም በይልኝ" አሉኝ። "መኪናውም እኔም ጡረታ ወጥተናል።"

ያን ቀን ወጥ ቤት አልገቡም። ይሄ ነው ያስደነገጠኝ። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጣቶቻቸው ብርድ ልብሱን ሲመቱ አየሁ፣ ድምፅ የሌለው መምታት። የራሴ አባት ያረጀው በዕድሜው ብዛት አልነበረም፤ ሥራ ባቆመ ማግስት ነው። ያ ጨርቅ ጥቂት ቀን ከከረመ የሚያነሣው እንደማይኖር ገባኝ።

"አንድ ነገር ልሞክር እማዬ። አንድ ጊዜ ብቻ።"

"አንድ ጊዜ" አሉ። "ካልሆነ ጠረጴዛውን ለልጅሽ አሻንጉሊት አድርጊው። እኔንም ከዚያ ወዲያ እንዳትጨቀጭቂኝ።"

ብሎንን ጠራሁት። ብሎን የምንለው ኮምፒውተር ጠጋኙን ነው፣ ሲሠራ የፈታውን ብሎን ከንፈሩ ላይ ይዞ ስለሚያወራ። መጣና ላፕቶፑን አገላብጦ አየ።

"ዕቃው ደህና ነው። የከበደው ውስጡ ያለው ሲስተም ነው። አውጥተን ሊኑክስ እናስገባለት።"

"እሱ ደግሞ ምንድን ነው?" አሉ አማቴ።

"ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው ነዋ እማማ። ነፃ ነው፣ ዓይነቱም ብዙ ነው። ከባድ አለ፣ ቀላል አለ። ሳንጭነው ከፍላሽ ላይ አስነሥተን መሞከር እንችላለን።"

"እንደ ጫማ ለክቼ ልየው ነው የምትለኝ?"

"እንደዚያው!"

መጀመሪያ የሰካው ፍላሽ ዓይን የሚስብ ነበር። ማያው ላይ መስኮቶቹ ሲከፈቱ ይወዛወዛሉ፣ ሲዘጉ ጭስ መስለው ይጠፋሉ። ልጄ አጨበጨበች። ላፕቶፑ ግን ዳገት እንደሚወጣ የጭነት መኪና አጓራ፣ ሥሩም ጋለ። አማቴ አንድ የመሞከሪያ ዓረፍተ ነገር አለቻቸው። ቢሮ በነበሩ ጊዜ አዲስ መኪና ሲመጣ ሁልጊዜ የሚመቱት እሷን ነው፤ "ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው" የምትለዋን። ዓይናቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው መቱና ወደ ማያው ዞሩ። ፊደሎቹ አንድ አንድ እያሉ፣ እንደ ዘገየ እንግዳ እየተሽኮረመሙ ይገባሉ።

"እኔ ርዕሱ ላይ ደርሻለሁ፣ እሱ ገና ከላይ ነው!" ብለው እጃቸውን ወደ ጨርቁ ሰደዱ።

"እማዬ፣ ሙከራው አላለቀም!" አልኩ ጨርቁን ቀድሜ ይዤ። "ፍላሽ ነው የሚቀየረው።"

"አንድ ጊዜ ተባብለናል።"

"አንድ ቀን ማለቴ ነበር።"

"አየህ ይቺን?" አሉ ለብሎን። "ልጄ ሲያገባት ዝምተኛ ናት ብሎኝ ነበር።"

ሁለተኛው ፍላሽ ጌጥ የለውም። ግራጫ ነው፣ ጥግ ላይ ሰዓት፣ ሥር ላይ ጥቂት ምልክቶች፣ በቃ። ላፕቶፑ ግን ዝም አለ። የምር ዝም፣ የተኛ ልጅ ዓይነት። ብሎን የአማርኛውን መጻፊያ ከፈተ። የመጀመሪያው አልሆነም፣ ጣታቸው አንድ ፊደል ሲጠብቅ ሌላ ይመጣል። "ይኼ የኔ አይደለም" አሉ ማያውን ሳያዩ። ሌላ መረጠ። "ይኼም አይደለም፣ ግን ዘመዱ ነው።" ሌላ መረጠ። አማቴ ጀመሩ፣ አላቆሙም። ዓረፍተ ነገሩን ጨርሰው የድሮ አለቃቸውን ማዕረግ ከነሙሉ ስሙ መቱ፣ ከዚያ የማላውቀውን አንድ ማስታወቂያ ከነግልባጩ ደረደሩት። ስናይ አንድም ስህተት የለበትም። ብሎን አፉን ሲከፍት ብሎኑ ወደቀበት።

ፍላሹን እንደተሰካ ትቶ ሲወጣ እንዲህ አለ፤ "እማማ፣ ይኼ ለሙከራ ነው። ከወደዱት ይጥሩኝና ላፕቶፑ ላይ እጭነዋለሁ።"

"እሺ፣ እሺ" አሉ። የፊሽካን ወረቀት ቀድመው ፈትተውታል። እኔም ልጄን ከብሎን የዕቃ ቦርሳ ውስጥ እያወጣሁ "እሺ" አልኩ።

እነዚያ ቀናት ደስ ይሉ ነበር። ታታታው ተመለሰ፣ የጨው ዕቃዬም ቦታው ላይ ዋለ። ፊሽካ ጠዋት ጠዋት እየመጣ መስኮቱ ላይ ክርኑን ያስደግፋል።

"እትዬ፣ ጫማ የተወረወረብኝ ጋ ደረሱ?"

"ደርሻለሁ። እውነት ልክህ ሆነ?"

"ልክክ! ሁለተኛውንም ጣሉልኝ ብዬ ለመንኳቸው።"

"ግን እዚህ ጋ የሰጠኸው ፍጹም ቅጣት ምት ልክ አይመስለኝም።"

"እርስዎ ይምቱ እትዬ፣ ዳኛው እኔ ነኝ።"

ማታ ማታ አማቴ ላፕቶፑን አያጠፉትም። ክዳኑን ብቻ ዘግተው ጨርቁን ያለብሱታል፣ ጠዋት ሲከፍቱት ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ባትሪው ለስሙ ነው ያለው፣ ነፍሱ ገመዱ ላይ ናት። ያን ግን ማን ልብ ብሎት።

ሥራው ሊያልቅ ጥቂት ገጽ ሲቀረው ባለቤቴ ከመንገድ ይመጣ ነበርና ሸሚዙን ልተኩስለት ብዬ የካውያውን ገመድ ይዤ የመብራት ማከፋፈያው ጋ ጎንበስ አልኩ። አንዱን ነቀልኩ። ካውያው እስኪግል አማቴ ከጓዳ ወጥተው ክዳኑን ከፈቱ።

"መብራት የለም እንዴ?"

ገመዱን መልሼ ሰካሁ። ላፕቶፑ ተነሣ፣ ግራጫው ማያ መጣ፣ ሰዓቱ ጥግ ላይ አለ። የፊሽካ ታሪክ ግን የለም። እዚህ ፈለግን፣ እዚያ ፈለግን። እንደተወለደ ሕፃን ባዶ ነው። ለብሎን ደወልኩና ድምፁን ለሁላችንም ከፈትኩት።

"ውይ!" አለ። "እዚያ ላይ ሲሠሩ ነበር እንዴ? ሙከራ እኮ ነው! መብራት ሲቋረጥ የሠሩት ሁሉ ይጠፋል። ከወደዱት ይጥሩኝ አላልኩም?"

"ከወደድኩት ለምን እጠራሃለሁ?" አሉ አማቴ። "ደህና ለሚሠራ ነገር ባለሙያ ይጠራል? ባለሙያ የሚጠራው ሲበላሽ ነው!"

"እሱስ… ልክ ነዎት" አለ ብሎን።

እኔ ወንበር ላይ ዘጭ አልኩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ ሆነብኝ። አሮጌውን ሲስተም ትተው እንዲቀጥሉ እንኳ ስንት ለምኛቸው ነበር፣ አሁን በምን አፌ እለምናለሁ? ዓይኔ ጨርቁ ላይ ቀረ። ወንበሩ ትከሻ ላይ ተንጠልጥሏል።

"ካውያውን አንሺ" አሉኝ። "የልጄን ሸሚዝ ልታቃጥዪው ነው።"

አነሣሁ። እሳቸውም ተነሡ፣ ጨርቁን ወሰዱ። በቃ፣ አልኩ በልቤ። ጨርቁን አጥፈው፣ አጥፈው፣ ጉልበቴ ላይ አኖሩት።

"ይኼን ወዲያ አድርጊልኝ። ክርኔ ላይ እየመጣ አስቸገረኝ።"

"እማዬ… ሥራው በሙሉ ጠፋ እኮ።"

"ሰማሁ። አልደነቆርኩም።" ተቀመጡና የወረቀቱን ክምር ገልብጠው የመጀመሪያውን ገጽ ወደ ላይ አመጡት። "በኛ ጊዜ አንድ ፊደል ስትስቺ ገጹን አውጥተሽ ከላይ ነበር የምትጀምሪው። አለቃው ሐሳቡን ሲለውጥ ደግሞ ሙሉውን። እኔ አንድ ጊዜ ብቻ የመታሁት ሥራ ያለ አይመስለኝም። ወረቀቱ ይኸው። ጣቴ ይኸው። ምን ጠፋ?"

ጨርቁን ይዤ ተነሣሁ።

"ደግሞ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ይኼ ሰውዬ ልጅነቱን ሲያወራ አንዱን ነገር ሦስት ቦታ ደጋግሞታል። እንዴት አድርጌ ላስተካክለው እያልኩ ሰበብ ስፈልግ ነበር። አንቺ ነቅለሽ ሰጠሽኝ። ብሎንን ጥሪው፣ ይጫንልኝ። ይኼኛው ልኬ ነው።"

ብሎን እየሮጠ መጣ። ከመጫኑ በፊት እንደ ሐኪም ጠየቀ፤ "የድሮውን ሲስተም ልደምስሰው እማማ? እርግጠኛ ነዎት?"

"ደምስስ። የስንብት ደብዳቤ ልምታለት?"

ጨርሶ ሲነሣ ላፕቶፑን እሱ ራሱ አጥፍቶ፣ ገመዱን ነቅሎ፣ መልሶ ሰክቶ አሳያቸው። የጻፏት ዓረፍተ ነገር ካለችበት አልተነቃነቀችም። አማቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ "አሁን ሂድ፣ ሥራ አለብኝ" አሉት።

ፊሽካ የታተመውን ሊወስድ ሲመጣ የሆነውን ነገርኩት። ከት ብሎ ሳቀ።

"ድጋሚ ጨዋታ ተደርጓላ!"

"አዎ" አሉ አማቴ፣ "ድጋሚውን የዳኘሁት እኔ ነኝ። ቅጣት ምቱን ግን አልነካሁብህም፤ ኃጢአቱ ያንተ ነው።"

አሁን ይህን ስጽፍ ጨርቁ የልጄ አሻንጉሊት ብርድ ልብስ ሆኗል። ፊሽካ ለጓደኞቹ ሁሉ ስለነገረ መስኮቱ ሥር ሰው አይጠፋም። እኔም አሮጌ ኮምፒውተር ያለው ሰው ሳገኝ "ከመጣልህ በፊት ቀለል ያለውን ዓይነት ሞክር፣ ስትወደው ግን ቶሎ ባለሙያ ጥራ" እላለሁ።

ወጥ ቤቴም የኔ ነው። ትናንት ሽንኩርት እየከተፍኩ ከፊት ክፍል ታታታውን እሰማለሁ። ድንገት ቆመ። ጆሮዬን አቆምኩ፣ ገመዱ ተነቅሎ ይሆን ብዬም ደነገጥኩ።

"አንቺ ልጅ!" አሉ ከዚያ ማዶ። "ያ ቢላሽ ምን ሆኗል? እኔ ርዕሱ ላይ ደርሻለሁ፣ አንቺ ገና ከላይ ነሽ!"

መልስ ከመስጠቴ በፊት ታታታው ቀጠለ። እኔም ፈጠን አልኩ።